በአዳማ የሚኖር የውጭ አገር ሰውና የሚማረው ቋንቋ

የውጭ አገር ሰው በሰው አገር ሲኖር የአገሩን ቋንቋ ይማራል ወይስ አይማርም? ቢማርስ ከቋንቋው የትኛውን ክፍል ነው የሚማረው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎቻችን «ሰው በኖረበት አገር መልመዱ አይቀርም» ብለን እናልፈዋለንና። ነገሩን ቀርቦ ለተመለከተው ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ አገር አሥር ዓመት ተቀምጦ ከሰላምታና ከቍጥር ያላለፈ ሰው አለ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተከራክሮ የሚረታ አለ። ልዩነቱ ከአእምሮ ብሩህነት የመጣ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ የውጭ አገር ሰው ቋንቋን ደኅና አድርጎ የሚማረው አንድ ነገር ከሚፈልግበት ሰው መሆኑን፣ ከሚያዘው ሰው ግን የሚማረው ትእዛዝ ብቻ መሆኑን ነው። ማስረጃዬን በብዛት የማመጣው ከአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክና ከአካባቢው ከተሞች ነው። ኋላም ነገሩን ገልብጠን እንድናየው፣ ለትምህርት ወደ ፖላንድ ሄዶ ፖላንድኛ የሚማረውን ኢትዮጵያዊ አነሣለሁ። ፋብሪካዎቹን በስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ አንድ ኩባንያ ጠባይ ሳይሆን ስለ ቋንቋ ነውና።

አንባቢው እንደሚያውቀው አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባቡር መንገድ ጋር ያደገች ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ሰይመዋት ነበር፤ ዛሬ የምትጠራው በቀድሞ ስሟ ቢሆንም ሁለቱም ስሞች በሰው አፍ ይሰማሉ። በገበያው፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በሻይ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው አማርኛ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮም የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ፣ ወደ አርሲም ሆነ ወደ ቦሰት፣ የገጠሩ ሰው በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ወደ አዳማ የሚመጣውን እንግዳ የሚጠብቀው አንድ ቋንቋ ሳይሆን ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ፊደል ሳይሆን ሁለት ፊደል ነው።

ከውጭ አገር ሰዎች ጋር መኖር ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። አስቀድሞ በባቡሩ ምክንያት ፈረንሳዮች መጡ፤ ከዚያም ጣልያኖች መጡ። ከፈረንሳዮቹ «ለገሀር» የሚለው ቃል ቀረልን፤ ከጣልያኖቹም በየጋራዡ «ካቻቢቴ» እና «ፒንሳ» ቀሩ። እነዚህ ቃላት በአማርኛ ውስጥ የገቡት በማን አፍ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ በአለቃው ሳይሆን በሠራተኛው አፍ ነው። መፍቻውን አቀብል የተባለው ልጅ የመፍቻውን ስም በአለቃው ቋንቋ አጠና፤ አለቃው ግን የልጁን ቋንቋ ሳያጠና ወደ አገሩ ሊመለስ ይችል ነበር።

ከአዳማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተኬደ ወንጂ ይገኛል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ትልልቅ እርሻዎች የነበሩት ሲሆን፣ ያ አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ዓይኑን ወደ ሌላ አገር መለሰ፤ በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቱ በመንግሥት እስኪወረስ ድረስም ሆላንዳውያን እዚያው ኖሩ። መኖሪያቸው ከሠራተኛው ሰፈር የተለየ፣ ዛፍ የተተከለበትና የራሱ ክበብ ያለው ነበር። አገዳ ቈራጮቹ አብዛኞቹ ከከምባታና ከሐዲያ ለሥራ የመጡ ስለ ነበሩ፣ ለእነርሱም ቢሆን አማርኛው የተውሶ ቋንቋ ነበር። ትእዛዙ ከሆላንዳዊው ወደ ጸሐፊው፣ ከጸሐፊው ወደ ካቦው፣ ከካቦው ወደ ቈራጩ ሲወርድ ሦስትና አራት ቋንቋ ያቋርጥ ነበር ማለት ነው። እንደዚህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ከላይ ያለው ሰው ቋንቋ ለመማር የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ምግቡን ወጥ ቤቱ ያበስልለታል፣ ገበያውን ዘበኛው ይሄድለታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በዚያው በስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በምትገኘው በሻሸመኔ፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በውጭ አገር ለሚኖሩ ጥቍር ሕዝቦች 5 ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ይህም 200 ሄክታር ያህል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጐበኙ በኋላ፣ ራስ ተፈሪያን የሚባሉት የጃማይካና የሌሎች ደሴቶች ሰዎች እየመጡ ሰፈሩበት። መሬቱ በ1967ቱ አዋጅ ሲወረስ ከብዙው ይዞታ ወጡ፤ ሰዎቹ ግን ቀሩ። ከመንግሥት የመታወቂያ ወረቀት የሚያገኙበት ውሳኔ የተሰማው በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። እነዚህ ሰዎች ወጥ ቤትም አስተርጓሚም አልነበራቸውም። ውኃ ለመቅዳት፣ በሬ ለመከራየት፣ የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት ለማድረስ ጐረቤትን መለመን ነበረባቸው። አማርኛን ደግሞ የንጉሣቸው ቋንቋ ነው ብለው በሃይማኖት ያከብሩታል። የሚያስደንቀው ግን በፍቅር የተፈለገው ቋንቋ አንድ ሆኖ ሳለ የጐረቤቱ ቋንቋ ሌላ መሆኑ ነው፤ በዙሪያቸው ያለው ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነውና። አባት ፊደል ቈጥሮ አማርኛ ሲያጠና፣ ልጁ ከእረኞች ጋር ሲጫወት ኦሮምኛውን ያለ መጽሐፍ ለመደው።

እዚህ ላይ ስለ ሚሲዮናውያን ጥቂት ብናገር ከነገሩ አያርቅም፤ እኔም የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሚሲዮናዊው ወደ ሥራው ከመሰማራቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ወራትና ዓመት ተሰጥቶት ቋንቋ ይማራል፤ ምክንያቱም ከሰው የሚፈልገው የእጁን ሥራ ሳይሆን የልቡን እሺታ ነው። ሰዋስዉ የጠራ፣ አክብሮቱ የተሟላ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ሊገዛ ሄዶ «እነሆ ገንዘቡ» ይላል። ባለ ሽንኩርቷ አትቀየመውም፤ እንዲያውም ትመርቅለታለች።

አሁን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እንምጣ። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሲሆን የሠራው ሲ.ሲ.ኢ.ሲ.ሲ. የተባለው የቻይና የሥራ ተቋራጭ ነው። ቻይናውያን በአዳማ ከዚያ በፊትም ይታወቃሉ፤ በኮረብታው ላይ የሚታዩትን የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች (የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት) የሠሩ እነርሱ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም የእነርሱ ሥራ ነው። ነገር ግን መንገድ የሚሠራው ሰው መንገዱን ጨርሶ ይሄዳል፤ ፋብሪካ የሚያሠራው ግን ይቀመጣል። በፓርኩ ያሉት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ክርና ልብስ የሚሠሩ ናቸው። በመሣሪያው ላይ የሚሠሩት ከዐሥር ስምንት ዘጠኙ ወጣት ሴቶች ናቸው ቢባል በዓይን ለሚያይ ሰው ማጋነን አይመስልም። ተቈጣጣሪው ወይም የመሣሪያው ዐዋቂ የውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል አንድ ቋንቋ መገኘት አለበት።

የሚገኘው ቋንቋ ከሦስት አራት ቋንቋ የተቀነጨበ ነው። ከአማርኛ «ቶሎ ቶሎ»፣ «ነገ»፣ «ጓደኛ»፣ «ችግር የለም» ይገባበታል፤ ከእንግሊዝኛ «ፊኒሽ» እና «ኖ ጉድ»፤ ከቻይንኛ ደግሞ «ሃው» (መልካም)፣ «ቡ ሃው» (መልካም አይደለም)፣ «ሜይዮ» (የለም)። በዚህ ቋንቋ ሥራ ይሠራል፤ ሸሚዝ ይሰፋል፣ ሳጥን ይታሸጋል። ነገር ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ብንመረምር ሁሉም የአዛዥ ቃላት ናቸው። «ለምን ዘገየሽ?» ብሎ ለመጠየቅና የሚመለሰውን ለመረዳት የሚያስችል ቃል በመካከላቸው የለም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነት አለማመድ እጅግ የማይመች ቋንቋ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቻይንኛ «ና» ለማለት አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ እርሱም «ላይ» ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ «ወደ ላይ ተመልከት» የተባለ ይመስላል። ይህ «ላይ» ለወንድም ለሴትም፣ ለልጅም ለሽማግሌም አይለወጥም። በአማርኛ ግን «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ»፣ «ይምጡ» አለ፤ ከአራቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው፤ መሳሳት ደግሞ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ተቈጣጣሪው የሚማረው ብዙ ጊዜ የሚሰማውን ነው። በሴቶች በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው «ነይ»፣ «ስጪኝ»፣ «ተይው» ሲባባሉ ስለሚሰማ እነዚህኑ ይይዛል፤ ከዚያም ጢሙ የወጣ ሜካኒክ «ነይ» ብሎ ይጠራል። ሰው ይሥቃል፣ ነገሩ በሣቅ ያልፋል። የእናቱ እኩያ የሆኑትን የጽዳት ሠራተኛ ግን «አንቺ!» ብሎ ሲጠራ የሚሥቅ የለም። ልጃገረዶቹ ራሳቸው ሴትዮዋን «እትዬ» ወይም «እማማ» ብለው «ይምጡ» የሚሉ ስለሆነ፣ የተሰደበው ሰው አንድ ብቻ አይሆንም። ሰውየው ክፋት አላሰበም፤ አክብሮት የሚባለውን የቋንቋውን ክፍል ግን አልሰማውም። ሊሰማው የሚችለውም በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በጐረቤት ደጅ ነበር፤ እርሱ ግን ከሥራ ወጥቶ የሚገባው ከባልንጀሮቹ ጋር ወደሚኖርበት ግቢ ነው፤ ምግቡም የአገሩ ምግብ ነው።

በኦሮምኛ ነገሩ በከፊል ይቀላል። «አቲ» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ «ና» እና «ነይ» ማለትም «ኮቱ» በሚለው አንድ ቃል ይበቃል፤ ለሚከበር ሰው «ኮታ» ማለት ነው። እንግዲህ ሰውየው ኦሮምኛ ቢማር ከፆታው ስሕተት ይድን ነበር፤ ከአክብሮቱ ግን አይድንም። በፋብሪካው ግን በአብዛኛው የሚሰማው አማርኛ ስለሆነ፣ ከአርሲ ገጠር የመጣችውም ልጅ እንደ እርሱ በተውሶ ቋንቋ ትናገራለች። ሁለት ሰዎች የሁለቱም ባልሆነ ቋንቋ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ከቃል ውጭ የሆነ ነገርም አለ። የእኛ ሰው «አዎን» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ አንባቢው ይህን በየቀኑ ስለሚያደርገው እንግዳ ነገር መሆኑን አያስተውልም። የውጭ አገር ሰው ግን ይህን ሲሰማ መደንገጥ ወይም መታመም ይመስለዋል። ልጅቱ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን ስትሰብር እኛ ጨዋነት እንለዋለን፤ ሌላው ጥፋቷን የደበቀች አድርጎ ሊተረጕመው ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያለበት ግን የሰዓቱ ነገር ነው። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ «ሁለት ሰዓት» ስንል የውጭ አገር ሰው 8 ሰዓት ይላል። በግድግዳ ላይ «8:00» ተብሎ የተጻፈውን የገጠር ልጅ ስምንት ሰዓት ብላ ብታነብ ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ሁሉንም ያደናግራል፤ ከዚያም ይለመዳል። ነገር ግን ፈረቃ በተለወጠ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ፈረቃ ሌሊት ሲሆን፣ የአገሩን ቋንቋ ጥቂት የለመደ ተቈጣጣሪ በአማርኛ ለመናገር ደክሞ «ነገ ስድስት ሰዓት» ቢል፣ የእርሱ ስድስት ሰዓት ነው ወይስ የእኛ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ በተደጋጋሚ ማርፈድን ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ከሥራ ከሚያሰናብቱ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ የሰዓት አቈጣጠር ልዩነት የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል።

የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ራሱ ሌላ ችግር አለበት። በኦሮሚያ ገጠር የተማረች ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷን የተማረችው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው፤ አማርኛን ያጠናችው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ወረቀቱ በአማርኛ ከተጻፈ ፊደሉን እየለቀመች ታነበዋለች፤ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ፊደሉን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ነገሩን ግን አታውቀውም። በቻይንኛ ከተጻፈ ደግሞ ከፊርማው ቦታ በቀር የሚታወቅ ነገር የለም። በሕግ ፊት ግን በሦስቱም ላይ የምታኖረው ፊርማ አንድ ነው። የሕግ ተማሪዎች ከእኔ የተሻለ ሊናገሩበት የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

በዚህ ምክንያት በፓርኩ ውስጥ ትልቁ ሰው አስተርጓሚው ነው። አንዳንዱ ቻይና ሄዶ የተማረ ነው፤ አንዳንዱ በአዲስ አበባ በሚሰጠው የቻይንኛ ትምህርት የተማረ ነው፤ ሌላው ደግሞ በመንገድ ሥራ ላይ ቀን ከሌት ከቻይናውያን ጋር ሲሠራ በጆሮው የለመደ ነው። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ሰው ለእኔ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ቋንቋውን የተማረው ሥራ ፈላጊው ነውና። አስተርጓሚው ቃል ብቻ የሚያሻግር አይደለም። ተቈጣጣሪው በቍጣ የተናገረውን «ትንሽ ጥንቃቄ ብታደርጊ ይላል» ብሎ ያለዝባል፤ ልጅቱ በምሬት የተናገረችውንም «አሟታል» ብሎ ያሳጥራል። በዚህ ሰላም ይጠበቃል፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት እርሱ የሠራላቸውን ሰው እንጂ እርስ በርሳቸውን አይደለም። አስተርጓሚው የአለቃውን ወገን የያዘ እንደሆነ ደግሞ ሠራተኛዋ ይግባኝ የምትልበት ቋንቋ የላትም።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። ፖላንድን ለንጽጽር የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከተማዋ ነው። በካርታ ላይ ሎድዝ ተብላ የምትነበበው፣ አገሬው ግን «ዉች» የሚላት የፖላንድ ከተማ፣ እንደ አዳማ ፓርክ በጨርቃ ጨርቅ የታወቀች ናት። ባለፈው ምዕት ዓመት በፊት በነበረው፣ ማለት በጎርጎርዮስ 1800ዎቹ፣ ከጀርመን አገሮች የመጡ ሸማኔዎችና ባለ ገንዘቦች ፋብሪካ ተከሉባት፤ ጀርመኑ ካሮል ሻይብለርና አይሁዳዊው ኢዝራኤል ፖዝናንስኪ ከባለ ፋብሪካዎቹ የታወቁት ናቸው። ገዢው መንግሥት የሩሲያ ነበር፤ ከሠራተኛው ብዙው ፖላንዳዊ ነበር። በፖላንድኛ የሠራተኞች አለቃ እስከ ዛሬ «ማይስተር» ይባላል፤ ቃሉ ጀርመንኛ ነው። የእኛ «ካቻቢቴ» እና የእነርሱ «ማይስተር» የመጡት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በዚችው ከተማ በጎርጎርዮስ 1952 ለውጭ አገር ተማሪዎች የፖላንድኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከሌላም አገር የሚመጣ ተማሪ ወደ ኮሌጁ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል ቋንቋ የሚማርበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋው ጠባይ ነው። ፖላንድኛ ለእኛ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሩቅ ነው። እኛ «አልነገረችኝም» ስንል በአንድ ቃል ውስጥ አድራጊዋን፣ ሴትነቷን፣ የተነገረውን ሰውና አሉታውን እናስገባለን። ፖላንዱ «ኒዬ ፖቭዬጃዋ ሚ» ይላል፤ ቃሉ ሦስት ቢሆንም ሴትነቷ በግሡ ላይ አለ። ቻይናዊው ተቈጣጣሪ አዲስ ነገር የሚሆንበት የፆታ መለያ፣ ለእኛ ተማሪ በፖላንድኛ የቤቱ ነገር ነው። እንዲያውም ፖላንዱ ከእኛ ያልፋል፤ ወንድ «ሠራሁ» ሲል «ሮቢዌም»፣ ሴት ስትል «ሮቢዋም» ትላለች። በአማርኛ «ሠራሁ» ባይ ወንድ ይሁን ሴት ከድምፁ በቀር መለያ የለውም። «ሠራህ» ለማለት «ሮቢዌሽ»፣ «ሠራሽ» ለማለት «ሮቢዋሽ» ነው። እዚህ ላይ የአበሻ ጆሮ ይታለላል፤ መጨረሻው ላይ «ሽ» የሰማ ወንድ ሁሉ እንደ ሴት የተጠራ ይመስለዋል፤ ፆታውን የሚለየው ግን ከ«ሽ» በፊት ያለው ድምፅ ነው።

የሚከብደው ስሙ ነው። እኛ «ወደ ዋርሶ» ብንል «በዋርሶ» ብንል የከተማይቱ ስም አይነካም። በፖላንድኛ ግን «ቫርሻቫ» የነበረችው ከተማ ሲሄዱባት «ዶ ቫርሻቪ»፣ ሲኖሩባት «ፍ ቫርሻቭዬ» ትሆናለች፤ ስም እንደዚህ ሰባት ዓይነት አገባብ አለው። ቍጥሩም አይተዋቸውም፤ ሁለት ቤት «ድቫ ዶሚ» ሲሆን አምስት ቤት «ፒዬንች ዶሙፍ» ነው። ከድምፅ በኩል ደግሞ ለእኛ አንድ የሆነው «ሽ» ለእነርሱ ሁለት ነው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፤ «ች» እና «ዥ»ም እንደዚሁ። በዚያ ፈንታ የእኛን «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ፖላንዱ አፉን ሰብሮ ነው የሚማራቸው። ያም ሆኖ በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ስቴፋን ስትሬልሲን በጎርጎርዮስ 1950ዎቹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት መሥርቶ ብዙ ተማሪዎች አማርኛ ተምረዋል።

ወደ አክብሮቱ እንመለስ። ፖላንዱ የማያውቀውን ወይም የሚያከብረውን ሰው «ቲ» (አንተ) አይልም፤ ወንዱን «ፓን»፣ ሴቲቱን «ፓኒ» ይላል፤ ትርጕሙ ጌታ፣ እመቤት እንደ ማለት ነው። ግሡም የሦስተኛ መደብ ግሥ ይሆናል። የእኛ «እርስዎ ይናገራሉ»ም እንዲሁ ነው፤ «ይናገራሉ» የሚለው ግሥ በፊቴ ላለው ሰው ሳይሆን ስለ ሌሎች የሚነገር ግሥ ነው። ስለዚህ «ፓን»ን ለኢትዮጵያዊ ለማስረዳት ረጅም ትምህርት አያሻም፤ እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ግን ይህ እስኪገባው ይቸገራል። የሆነ ሆኖ እኛም እንሳሳታለን። ተማሪው ቋንቋውን ከመምህሩ ይልቅ የሚለምደው በመኝታ ቤት ካሉት ጓደኞቹ ነው፤ እነርሱ ደግሞ «ቲ» የሚባባሉ ናቸው። በዚህ ልማድ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሽማግሌዋን ጸሐፊ «ቲ» ያለ ተማሪ፣ በአዳማ ጽዳት ሠራተኛዋን «አንቺ» ያለው ተቈጣጣሪ ወንድም ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ጸሐፊዋ ፊቷን ካጠቈረችበት ተማሪው የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስለትም፣ ወይም ይዘገይበታል፤ ስለዚህ ስሕተቱን በዚያው ሳምንት ጠይቆ ያርማል። ቤት የሚያከራየው፣ ፈተና የሚያርመው፣ መድኃኒት የሚሸጥለት ሁሉ ፖላንዳዊ ነው፤ ከማንም ጋር በትእዛዝ ሊነጋገር አይችልም። በክረምት በብርድ ቆሞ የትኛው ትራም ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው ያን አገባብ አይረሳውም። በአዳማ ግን ተቈጣጣሪው ሴትዮዋን ካስቀየመ በኋላ የሚቀርበት ነገር የለም። የሚቀርባት እርሷን ነው፤ ስለዚህ ቋንቋ መማሩም፣ ጠባዩን ማጥናቱም፣ የሰውየውን ፊት አይቶ ምን እንደፈለገ መገመቱም በእርሷ ላይ ይወድቃል። ደመወዟ ግን የስፌት ደመወዝ ነው፤ ስለተማረችው ቋንቋ የሚታሰብላት የለም።

ይህን ስል ሁሉም ተቈጣጣሪዎች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ከግቢው ወጥቶ በከተማው ውስጥ ቤት የተከራየ፣ ወይም በአዳማ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈተ ቻይናዊ አማርኛው ሌላ ነው። ደንበኛ ይፈልጋልና «ምን ልታዘዝ?» ማለትን ያውቃል፤ ዋጋ ሲከራከሩት «አይ እትዬ፣ አያዋጣም» ይላል። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ «ቶሎ ቶሎ» ከማለት በቀር የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የቆመበት ቦታ ተለወጠ እንጂ።

ፋብሪካዎቹ ለሁለቱም ወገን ትንሽ የቋንቋ ትምህርት ቢያዘጋጁ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምን መሆን አለበት? በእኔ አስተያየት «አልገባኝም» የሚለው ነው። በኦሮምኛ «ናፍ ሂን ገሌ» ይባላል፤ ሁለቱም ቋንቋዎች መረዳትን በ«መግባት» መግለጣቸው ደስ ያሰኛል። በቻይንኛ «ቲንግ ቡ ዶንግ» ነው፤ «ሰማሁ፣ አልተረዳሁም» እንደ ማለት። በፖላንድኛ «ኒዬ ሮዙምየም» ነው። ለውጭ አገር ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ቃል የለም፤ በቀን ሃያ ጊዜ ይለዋል፣ ማንም አይቀየመውም። የእኛ ልጅ ግን ይህን ለአለቃዋ አትለውም። ትልቅ ሰው ተናግሮ «አልገባኝም» ማለት በገጠር ልማድ ድፍረት ነው። ቻይናዊውም በሠራተኞቹ ፊት አለማወቁን መግለጥ ፊቱን ያሳጣዋል። ስለዚህ ሁለቱም ያልገባቸውን እንደገባቸው አድርገው ይለያያሉ፤ ያልገባው ነገር የሚታወቀው ልብሱ ተበላሽቶ ሲገኝ ነው። ትምህርቱ ቃሉን ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉን የተናገረ ሰው እንደማይቀጣ ለሁለቱም ማስታወቅ ይኖርበታል፤ ማስጠንቀቂያ ወረቀቱም ቢያንስ በኦሮምኛና በአማርኛ ጐን ለጐን መጻፍ አለበት፤ ሰዓቱም በሁለቱም አቈጣጠር።

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነገሩ ከዚህ ይለያል፤ በዚያ ከእስያ ልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተቈጣጣሪዎች ስላሉ እንግሊዝኛው ይበዛል፣ የሠራተኞቹም ቋንቋ ሲዳምኛና ወላይትኛ ነው። የዚያ አገር ልጅ የሆነ ተማሪ በዕረፍት ጊዜው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወርዶ ቢጽፍበት፣ የሁለቱን ፓርኮች ልማድ ጐን ለጐን ለማየት እንችል ነበር።